«ሁሉም ተሻገሩ» ያልኩት እኔ ነኝ

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ትርንጎ ከዋጃ ድረስ መጣችብኝ። በሩ ላይ ቆማ «ጋሸ ካሣው፣ አሉ እንዴ ከቤት?» ስትል ድምጿ ቁርጥ የወንድሟን ሆኖብኝ፣ ወንበሩን ተደግፌ ነው የተነሳሁት። ያኔ ጉብል የነበረችው ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጸጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ሲዲ ነው። «ከእማ ሳጥን ታች ነው ያገኘሁት። እሷ ከሞተች ወዲህ ሳጥኑን የከፈተው አልነበረም፤ ዘንድሮ እኔ ጨክኘ ከፈትሁት። የርስዎ ስም አለበት» አለችኝ። አዎ፣ አለበት። በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ ወደ ግራ በሚያዘነብለው በወንድሟ በደሳለ እጅ ጽሑፍ «ለጋሸ ካሣው፤ አሥራ ሁለቱም» ይላል። «አሥራ ሁለቱም» የምትለዋን ሳነብ ሲዲውን በመሐረቡ መልሼ ሸፈንኩት። ለትርንጎ ሻይ ቀዳሁላት። ሻይዋን ጠጣች፣ የልጆቿን ነገር አጫወተችኝ፣ ከዚያ «ምን እንዳለበት ካዩት በኋላ ይደውሉልኝ» ብላ በሚኒባስ ተመለሰች።

እሷ በሄደች በሰዓቱ ከላይ ከደጋው ሰማዩ አጉረመረመ፤ አፈሩ ሸተተ። ይህን ሽታ ቆላ ያላደገ ሰው አያውቀውም። ዝናብ የነካው አፈር ሽታ አይደለም፤ ገና ሩቅ ያለ ጎርፍ አቧራውን እየገፋ ሲመጣ ነፋሱ ቀድሞ የሚያመጣው ነው። ለሌላው ደስ ይለው ይሆናል። እኔ መስኮቱን ዘጋሁት። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንዲሉ፣ ሲዲውን በእጄ እንደያዝኩ ወደዚያ ዘመን ነጎድኩ።

ያኔ ከተማችን ቆቦ ባጃጅ አልነበራትም፤ ጋሪ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ፣ ወደ ሮቢት የሚሄደው መኪና ከሚቆምበት ማዶ፣ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ የራያ ጭፈራ ይለቅበታል። የገበያ ቀን ሲሆን ጸጉራቸውን አበጥረው ቅቤ የቀቡ ጎረምሶች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እፊቱ ይቆማሉ፤ ካሴት ግን አይገዙም። «እነዚህ በጆሯቸው ዘረፉኝ» ይል ነበር ሰውየው። ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን ልተወው፤ የውሃና የማሳ ነገር ይመለከተዋል፣ ይበቃል። ሻዩ በስሙኒ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ግማሹ ስኳር። እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ የጽሕፈት መኪናዬን ድምፅ እንደ ሙዚቃ የምወድ፣ ትንሽ ኩራተኛ ሰው። ትንሽ ልበል እንጂ፣ ያኔ የሚያውቁኝ «ትንሽ» የሚለውን ቃል ሰርዘው ያነቡታል።

ደሳለ የመጣው ከደሴ ተምሮ ነው። የዚሁ ያገራችን ልጅ ነው፤ እናቱ እትየ አበቡ ሆርማት ወንዝ ዳር፣ ከእኔ ማሳ በላይ ባለው ማሳ ላይ ነው የኖሩት። እኔ አባቴ የተወልኝን መሬት ሞላ ለሚባል ጎበዝ ለእኩል ሰጥቼ በወር ደመወዝ የምኖር ነኝ፤ እነሱ ግን ያቺው መሬት ናት ያለቻቸው። አባቱ ሲሞት መሬቱ በደሳለ ስም ሆነ። ልጁ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ቡኒ ሳሪያን ኮት ለባሽ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ነበር። «ሦስት ለምንህ ነው?» ስለው «አንዱን እርስዎ ይወስዱታል፣ አንዱ ይጠፋል» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ስንቱን እስክሪብቶ ወስጄበታለሁ።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒውተር መጣለት። ጀርባዋ እንደ ድስት የወጣ፣ ስትነሳ እንደ ወፍጮ የምታጓራ ናት። ሁላችንም አቧራ እንዳይነካት በጨርቅ ሸፍነን ስናያት፣ ደሳለ ፎቶ ኮፒ የተደረገ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ፊቷ ተቀመጠ። ፓይተን የሚባል ቋንቋ ነው። «ሰው የሚናገረው አይደለም፤ ለማሽኑ ሥራ ማዘዣ ነው» ብሎ አስረዳኝ። «ትንንሽ ፋይል ትጽፋለህ፤ ሞጁል ይባላል። እያንዳንዷ አንድ ሥራ ብቻ ታውቃለች። ዋናው ፕሮግራም ሥራ ሲኖረው ይጠራታል።» እኔም ተማርኩ። አርባን ተሻግሬ፣ ጣቴ በጽሕፈት መኪና የደነደነ ሰው፣ ከልጅ እግር ተማርኩ። በዚያ ዕድሜዬ ሌላ እንደዚያ ደስ ያለኝ ነገር አላስታውስም።

የጻፈው የጎርፍ ተራን ነው። እኛ ዘንድ ዝናቡ ለደጋው ነው፤ ለቆላው የሚደርሰው ጎርፉ ነው። ጎርፉን ከሆርማት በአፈርና በእሾህ ጠልፈን ወደ ማሳ እናወርደዋለን። አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ የጠጣ ማሳ ደጋሊት የምንለውን ማሽላ እስከ እሸት ያደርሰዋል። ያልጠጣ ያው አገዳ ነው። ጎርፍ ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ ቆሞ አይጠብቅም። ተራው የደረሰ ሰው አካፋውን ይዞ ቦዩ አፍ ላይ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ዙሩ እስኪመለስም ክረምቱ ያልቃል። ይህን ሁሉ አርባ ዓመት በጭንቅላታቸው ይዘው የኖሩት የውሃ አባቱ አያ ሐሰን ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም የገበሬዎቹ ማኅበር «ተራው በወረቀት ይሁን» አለ። ደሳለ ሦስት የገበያ ቀን ሙሉ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ደብተሩን ይዞ አያ ሐሰን ሥር ተቀመጠ። በሁለቱ ቀን እኔም ነበርኩ።

«ይኸ ሳጥንህ እንደኔ ያስባል?» አሉት አያ ሐሰን እየሳቁ።

«እንደርስዎ አያስብም፣ አያ። ያሉትን ግን አይረሳም።»

«እንግዲያ ንገረው፤ እኔ እየረሳሁ ነው» አሉት።

አሥራ አንድ ሞጁል ሆነ። አንዷ የእኛን ቀን አቆጣጠር ታውቃለች፣ ጳጉሜን ጨምራ። አንዷ ስም በሀሁ ቅደም ተከተል ትደረድራለች። አንዷ ሟች ሲመዘገብ ወራሹ እስኪጻፍ ድረስ ስሙን ከተራ ታወጣለች። በሦስተኛው የገበያ ቀን እኔ ለቅሶ ሮቢት ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ደሳለ አሥራ ሁለተኛ ጽፎ ጠበቀኝ። ስም አያወጣላቸውም ነበር፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጣቸው። «ይቺስ ምንድን ናት?» ስለው «የአያ ሐሰን የመጨረሻ ቃል ናት። ማስታወሻዋን በአማርኛ ፊደል ጻፍኩላት» አለኝ፤ ዓይኑ ሲያበራ ትዝ ይለኛል። የሌሎቹን ማስታወሻ በፈረንጅ ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ ያን ሰሞን ግን የአማርኛ መጻፊያ አግኝቶ ነገር ዓለሙ እሱ ሆኖ ነበር። እኔም ምን እንደምትሠራ ሳልጠይቅ ወደ ሻዬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ዝርዝሩ ላይ አንድ ተራ ላይ ሁለት ስም ተጽፎ ሳይ ደሳለ በእጁ የሚያስገባው ይመስለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ካሴት ቤቱ ሲዲ ቤት ሆነ፣ ጎረምሶቹም ጸጉራቸውን ተቆረጡ። ሻዩ ብር ገባ። ለእኛም ጠፍጣፋ፣ ድምፅ የሌላት አዲስ ኮምፒውተር መጣችልን፤ ዊንዶውሷ አዲስ፣ ፓይተኗም አዲስ። የድሮዎቹ ሞጁሎች እሷ ላይ አልነሳ አሉ። የፋይሉ አድራሻ ሌላ ነው፣ ማተሚያው የሚጠራበት መንገድ ሌላ ነው፣ ፊደሉም ሌላ ነው። ደሳለ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለዲግሪ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ሆነ። ስሞቹን ሁሉ አብረን በአዲሱ ፊደል እንደገና ጻፍናቸው፣ ሁለቱን ሞጁል አብረን አስተካከልን፣ ከዚያ ሻንጣውን አነሳ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

«ጋሸ፣ አንድ ባንድ ያሻግሯቸው» አለኝ። «ሆርማት ሲሞላ ሕፃን እንደምናሻግረው፤ አንዱን ማዶ ሳያደርሱ ሌላውን አያንሱ። ከላይ ያለውን ማስታወሻ ሳያነቡ ደግሞ ምንም እንዳይነኩ። አሮጌዋን ማሽን አደራ፣ እስክመለስ አይስጧት።»

«አሁን አንተ እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት። ሳቀና አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

እውነት ለመናገር ሥራው ጣመኝ። በየቀኑ አንዷን እከፍታለሁ፣ አስነሳታለሁ፣ ስህተቱ ስንተኛ መስመር ላይ እንደሆነ ትነግረኛለች፣ መጽሐፉን አገላብጬ አስተካክላለሁ። አንዷ ስትሠራልኝ ብቻዬን አጨበጭባለሁ። አሥራ አንዷን በግንቦት ጨረስኩ። አሥራ ሁለተኛዋን ስከፍት ከላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል፤ ነጥብ፣ ጭረት፣ ሰው የማያነበው ምልክት። ሳስነሳት ስህተቱ አንደኛው መስመር ላይ ነው አለችኝ። ስሞክር ሦስት ቀን ሞላኝ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። የተበላሸ አልነበረም። በድሮው ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፤ አዲሷ ማሽን የድሮው ፊደል ስላልተጫነባት ነው እንደዚያ ያሳየችኝ፣ አዲሱ ፓይተንም የማያውቀውን ፊደል ሲያይ ነው እምቢ ያለው። ያንን ማስታወሻ ብቻ ባነሳው ኖሮ ሞጁሏ ትሠራ ነበር። ወይም አሮጌዋን ማሽን አስነስቼ ባነበው። አሮጌዋ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ ነበር፤ ሄጄ እንደገና ገመድ መቀጠል አሳፈረኝ። በዚያ ላይ የበላይ ኃላፊዎች ሊጎበኙን ነው፣ «ሥራውን የጨረሰው ካሣው ነው» እንዲባልልኝ ፈለግሁ። ዋናው ፕሮግራም አሥራ ሁለተኛዋን የሚጠራባትን መስመር ዘጋሁት። ዝርዝሩን አተምኩት፤ ልክ ነው። ትርፍ ናት አልኩ።

በሳምንቱ ደሳለ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደወለ። መስመሩ ይንሿሿል።

«ጋሸ፣ እንዴት ሆኑ ልጆቹ?»

«ሁሉም ተሻገሩ» አልኩት።

«አሥራ ሁለቱም?»

«ሁሉም አልኩህ እኮ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሸ። እኔ እንኳ ብሆን እንደዚህ ቶሎ አልጨርስም» አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን መልቀሚያም አላገኘሁለት። ከጉብኝቱ በኋላ አሮጌዋ ማሽን ከአሮጌ ወንበሮች ጋር በጨረታ ሄደች፤ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔው ነኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ደሳለ ለዕረፍት መጣ። ግንባሩን ይዞ ነው ከአውቶቡስ የወረደው። ወባ ነው ተባለ፤ አምስተኛ ቀኑን አላየም። ስለ ቀብሩ አልጽፍም። ያን ቡኒ ኮት እትየ አበቡ አንገታቸው ላይ አድርገውት ነበር፤ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው። በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ የተራው ዝርዝር የሚታተምበት ቀን ነው። ሟች የሚለው ቦታ ላይ ስሙን በገዛ ጣቴ ጻፍኩት። እንባዬ ፊደሉን አላሳየኝ ብሎ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። ዝርዝሩን አትሜ ገበያው ጥግ ካለው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩና ወደ ሐዘኑ ቤት ተመለስኩ። ወረቀቱን መለስ ብዬ አላነበብኩትም።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ከእትየ አበቡ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ያ ሽታ መጣ፤ ወዲያው ድምፁ። ወንዶቹ ሁሉ ብድግ ብድግ አሉ። እኔ ሐዘንተኛዋን ብቻቸውን አልተውም ብዬ ቀረሁ። እትየ አበቡ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የተናገሩትም ያኔ ነው።

«ዘንድሮ ተራችን በዚህ ዙር ነበር፤ ደሳለ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ደግነቱ ጎርፍ ሐዘን ቤት አይዘልም። ጎረቤት ይከፍትልኛል።»

ነገሩን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ሐዘን የተቀመጠ ሰው እስከ አርባው ድረስ አካፋ አይይዝም፤ ተራው ሲደርስ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት መጀመሪያ የሐዘንተኛውን ቦይ ይከፍታል፣ የራሱን ከዚያ ነው። ከእትየ አበቡ ቀጥሎ ያለው ማሳ የኔ ነው። ይህን እያሰብኩ እንኳ ነገሩ አልተገለጠልኝም። ሞላ ይከፍትላቸዋል ብዬ እንደሳቸው ጠበቅሁ። ሊመሽ ሲል ሞላ ፊቱ በርቶ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ አካፋውን እንደያዘ መጣ። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት «ጋሸ፣ ማሳችን እስኪበቃው ጠጣ» አለኝ።

እትየ አበቡ ቀና አሉ። «እሰይ ልጀ። የኛስ?»

ሞላ ወደኔ አየ፣ ወደሳቸው አየ። «የናንተ ስም ወረቀቱ ላይ የለም እኮ፣ እትየ። እኔ ዘንድሮ ተራውን የተዋችሁት መስሎኝ። የውሃ ኮሚቴውን ብጠይቀው ‹ወረቀቱ የሚለው ነው› አለኝ።»

«ወረቀቱን የደሳለ ማሽን አይደል የሚያወጣው?» አሉ እትየ አበቡ።

እኔ ነበርኩ መመለስ ያለብኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያቺ ጉንዳን የሄደባት ፋይል፣ የአያ ሐሰን የመጨረሻ ቃል፣ አንድ ተራ ላይ ሁለት ስም፤ የሐዘን ቤቱና ቦዩን የሚከፍትለት ጎረቤት። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ያጠማሁት ግን እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። እትየ አበቡ ኮቱን አንገታቸው ላይ አስተካከሉና «ይሁን፤ እሱ ከሄደ ማሽላው ምን ያረግልኛል» አሉ።

በዚያ ዓመት ሁለተኛ ጎርፍ አልመጣም። የሳቸው ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ፤ ከድንበሩ ወዲህ የኔው ቁመቱ ሰው ይውጣል። በጥቅምት ከማሳዬ እህል ጭኜ ወሰድኩላቸው። ባይቀበሉኝ በወደድኩ። ተቀበሉኝ፤ «የልጀ ጓደኛ፣ አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት ነው እስከ ዛሬ ያኖረኝ ይመስለኛል፣ እንደ ቅጣት። በበጋው ቤታቸውን ዘግተው ሳጥናቸውን አስጭነው ዋጃ ወዳገባችው ወደ ትርንጎ ሄዱ፤ እዚያው ሞቱ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን ዝርዝሩ በታተመ ቁጥር የሐዘን ቤቶችን ስም በእስክሪብቶ እኔው እየጨመርኩ ለጥፌአለሁ። ሰዉ «ካሣው እንዴት ያለ አሳቢ ነው» ይለኝ ነበር።

ትርንጎ በመጣች ማግስት ሲዲውን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር አሁን ከየት ይገኛል? በመጨረሻ አንዲት መምህርት ቤቷ ያስቀመጠችውን አሮጌ ላፕቶፕ አዋሰችኝ። ፋይሎቹ አሥራ ሁለቱም ነበሩ። አጠገባቸው ደግሞ የድሮው ፊደል ራሱ አለ፤ ያ ልጅ አዲሷ ማሽን ላይ ፊደሉ እንደማይኖር አስቦ አብሮ አስቀምጦልኛል። ምናልባት በዚያ ዕረፍት ሊሰጠኝ ነበር ያመጣው። ፊደሉን ጫንኩት። አሥራ ሁለተኛዋን ከፈትኩ። ጉንዳኖቹ ሁሉ አማርኛ ሆኑ።

«ጋሸ ካሣው፣ ይቺን የጻፍኳት አያ ሐሰን ያሉኝ እንዳይረሳ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ተራውን አያስታውስም፤ ሌላ ሰው ያስታውስለት። ትርፍ ብትመስልዎትም አይተዋት። መሥራቷን የሞከርኳት እንዲህ ነው፦

ሟች፦ ደሳለ።
ሐዘን ቤት፦ አበቡ።
ቦዩን የሚከፍት፦ ካሣው።
ውጤት፦ ተራው ተጠብቋል።»

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ትርንጎ ጋ ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ አነሳችው፤ ከኋላዋ የልጆች ድምፅ ይሰማል። «ጋሸ፣ አዩት እንዴ? ምን አለበት?» አለችኝ።

«ትርንጎ» አልኳት፣ «ደሳለ የሞተ ዓመት የእናትሽን ጎርፍ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»